ካሳው ያልቆጠራቸው ልጆች

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ዕቃ ጭነህ ትመጣለህ። መኪናው ብሎኩ ጋ ገና ሳይቆም ወጣቶች ይከቡታል። ሸራውን ገለጥ አድርገው ሶፋውን፣ ፍሪጁን፣ ቁምሳጥኑን ያያሉ። ዋጋ ይጠራሉ። አንዳንዴ የሚጠሩት ዋጋ ከመኪናው ኪራይ ይበልጣል። «ወንድሞቼ አሉ፣ እኛው እናወርዳለን» ብትል አይሆንም። «እዚህ የምናወርደው እኛ ነን» ይሉሃል። ጭቅጭቅ ይነሳል። አንዳንዴም ፖሊስ ይጠራል። ከተማው ውስጥ በጫኝና አውራጅ ያልተማረረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ወጣቶች ስለ አንዱና ስለ ቤተሰቡ ነው። እኔ እነሱ የሚሠሩበት የኮንዶሚኒየም ሳይት ነዋሪ ነኝ፤ በነዋሪዎች ኮሚቴም ውስጥ እሠራለሁ። ቤተሰቡን ያወቅኩት በእናትየው በኩል ነው። ወተት ያመጡልን ነበር። በኋላ ከልጃቸው ጋር በዋጋ ጉዳይ ስንነጋገር የማን ልጅ እንደሆነ አወቅኩ። ስማቸውንም የሳይቱንም ስም አልጽፍም። ቦታው ከቦሌ አራብሳ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ዳርቻ ውስጥ ነው። በዚያ መስመር ላይ ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ቤት ብዙ ነው።

የምለውን ከመነሻው ልበለው። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት የእርሻ መሬት ከገበሬዎቹ ሲወሰድ ካሳ የተሰላው ለሰብሉ ነው። ነገ በዚያ መሬት ላይ ሊሠሩ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትን ልጆች ማንም አልቆጠራቸውም። ዛሬ ብሎኩ በር ላይ ከእነሱ ጋር የምንጨቃጨቀው ከዚያ የተነሳ ነው።

ከብሎኩ በፊት

መሬቱ መረሬ ነው። ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ጤፍና ስንዴ ይበቅልበታል። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘራበታል። ቤተሰቡ አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ ነበረው። ጥማድ በሬና ጥቂት ላሞችም ነበሯቸው። ከተማው ቅርብ ስለሆነ ከእህሉ ሌላ ወተት፣ ኩበት፣ እንቁላልና ጭድ ይሸጣሉ። የቤቱ የየቀን ብር የሚመጣው ከእናትየው እጅ ነበር። አባትየው በዓመት አንዴ እህል ሸጠው ትልቁን ወጪ ይሸፍናሉ።

ታላቁ ልጅ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ጠዋት ይማራል፤ ከሰዓት ከአባቱ ጋር ይውላል። በእርሻ ወቅት ሞፈሩን የሚጨብጠው እሱ ነበር። «አባባ ሲደክሙ እኔ ነበርኩ የምይዘው። ተነጋግረን ሳይሆን፣ ያለቀ ነገር ስለነበር ነው» አለኝ።

ይህ «ያለቀ ነገር» በሕግም ቦታ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ዕድሜው 18 የሞላና በግብርና መኖር የሚፈልግ ዜጋ መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው ይል ነበር። ግን የሚታደል መሬት የለም። በአገሪቱ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይዞታ በአማካይ ከ1 ሄክታር ያንሳል። ስለዚህ የገጠር ወጣት መሬት የሚያገኘው ከአባቱ ነው፤ በስጦታ ወይም በውርስ። ያው አዋጅ ከባለይዞታው ጋር የሚኖርና በመሬቱ ገቢ የሚተዳደር የቤተሰብ አባል የሚለውን ሰው ያውቀው ነበር። ይህ ልጅ ያ ሰው ነበር።

አንድ ነገር ግን መሸፋፈን አልፈልግም። መሬቱ ባይወሰድም አንድ ሄክታር ተኩል ለሦስት ልጆች አይበቃም ነበር። ግማሽ ግማሽ ሄክታር ይዘው ሦስት ትዳር አይመሠርቱም። በመላው አገሪቱ የገጠር ወጣት ከቤቱ እንዲወጣ የሚያደርገው ይኸው ጥበት ነው። የከተማ ዳር ልጅ ግን አንድ የተሻለ ነገር ነበረው። ገበያው ደጁ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ሣርና ሁለት የወተት ላም ያለው ሰው አዲስ አበባ ጥግ ላይ ሥራ አለው።

የአባት ስም ብቻ ያለበት ስሌት

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ ሲጀመር ዓላማው ሁለት ነበር። ቤት ማቅረብና ሥራ መፍጠር። መጀመሪያ ግንባታው ከተማው ውስጥ ነበር። ኋላ መሀል ላይ ቦታ ጠፋ። በ2005 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። ያን ሁሉ ቤት የሚያስቀምጥ ሰፊ መሬት ያለው ዳር ላይ ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የተባሉት ሳይቶች የተነሱት ከእርሻ መሬት ላይ ነው።

የዚህ ቤተሰብ መሬት የተወሰደው በዚያው በ2005 ነው። ያኔ የሚሠራው ሕግ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ነበር። ስሌቱ እንዲህ ነው። ገበሬው ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ይወሰድና በ10 ይባዛል። በመሬቱ ላይ ላለው ቤት፣ ዛፍና ሌላ ንብረት ለየብቻው ይከፈላል። ለመሬቱ ለራሱ የሚከፈል ነገር የለም፤ ምክንያቱም መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የግል አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም አይሸጥም አይለወጥም ይላል። መሬቱን ለመልቀቅ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 90 ቀን ነበር።

ስሌቱን ልብ ብላችሁ እዩት። እህል በየዓመቱ በሚወደድበት አገር የ5 ዓመት አማካይ ገቢ ወደ ታች ይጎትታል። በ2004 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ጤፍ ርካሽ የነበረበት ዓመትና ውድ የሆነበት ዓመት አንድ ላይ ሲካፈሉ ገበሬው የሚከፈለው ባለፈ ዋጋ ነው፤ የሚኖረው ደግሞ በሚመጣው ዋጋ። ብሩ ባንክ ሲገባ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ነበር። ቁጭ ባለ ቁጥር ያንሳል።

አባትየው ስለዚያ ገንዘብ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ብሩን ያባከኑት በመጠጥ አይደለም። ብዙ ሰው የተነሺ ገበሬን ታሪክ «ብሩን ጠጥቶ ጨረሰው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ይህ አነጋገር በጣም ያናድደኛል። በምትክ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ቤት ሠሩ። ለማከራየት ብለው ሁለት ሰርቪስ ክፍል ጨመሩ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ በየወሩ ይጨምር ስለነበር ያሰቡት ሳይሆን የደረሱበት ላይ ቆመ። ዘመድ ታመመ፤ ተበደሩ፣ አበደሩ። በሬዎቹን ሸጡ፤ ምን ያርሱበታል? ላሞቹ ግጦሽ ስላጡ ፋጉሎና ፉርሽካ መግዛት ግድ ሆነ። አንዷን አስቀርተው ሌሎቹን ሸጡ።

«በበሬ ማረስ እችላለሁ ልጄ» አሉኝ። «ብር ማረስ ማን አስተማረኝ? ቀያሹ መጣ፣ ገማቹ መጣ፣ ባንክ ደብተር አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው የለም።»

ልጆቹን የጠየቀም አልነበረም። ቅጹ ላይ ያለው የባለይዞታው ስም ነው። 17 ዓመት የሞላው፣ 12 የሞላት፣ 6 የሞላው ልጆች እንዳሉ አንድም ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ «እነዚህ ካሳው የተሰላበት 10 ዓመት ሲያልቅ ምን ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። 10 ዓመቱ በ2015 አለቀ። ያኔ ታላቁ 27፣ ታናሹ 16 ሆነው ነበር።

ሕጉ ኋላ ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አማካዩን ትቶ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ ይወስዳል፤ የሚያባዛውም በ15 ነው። ባለይዞታውን ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ማማከር ያስፈልጋል ይላል። መልሶ ማቋቋምንም አስገብቷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የሚባዛው ግን አሁንም ሰብል ነው። ወደ ኋላ ተመልሶም ቀድመው የተነሱትን አይነካም።

ታላቁ ልጅ

ግንባታው ሲጀመር ታላቁ ልጅ እዚያው አባቱ ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ሲሚንቶ ተሸከመ፣ አሸዋ ነፋ፣ ውኃ ቀዳ። ግንበኛው፣ ብረት አሳሪው፣ አናጺው፣ ሴራሚክ ሠሪው ከሌላ ቦታ ሙያ ይዘው የመጡ ናቸው። እሱ ረዳት ነው። ረዳትና ባለሙያ አንድ ቀን ውለው የሚይዙት ብር በጣም ይለያያል። «ሙያ መልመድ ፈልጌ ነበር። ግን ግንበኛው የሚከፈለው በካሬ ነው፤ እኔን ሲያስተምር ይጎዳል። ፎርማኑም ቶሎ በል ነው የሚለው» ይላል።

ፕሮግራሙ ለወጣቶች የተወው ሥራ ነበር። ብሎኬት ማምረት፣ ቢም መሥራት፣ በርና መስኮት መበየድ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት ይሰጥ ነበር። ለመደራጀት ግን የወረዳ መታወቂያ ይጠየቃል። እሱ የተነሳበት መንደር ፈርሷል። አዲሱ ቦታ የአዲስ አበባ ይሁን የኦሮሚያ ለረጅም ጊዜ ያልጠራ ነበር፤ የአስተዳደር ወሰኑ ላይ ስምምነት የተደረሰው ገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከው ነበር። «የነዋሪነት ማስረጃ አምጣ ይሉኛል። የኖርኩበት ቦታ ላይ ብሎክ ቆሟል። ብሎኩን ላምጣላቸው?»

በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ ከጓደኞቹ ጋር ለዶሮ እርባታ ዕቅድ አስገቡ። ሼድ ሲጠብቁ ቡድኑ ተበተነ። ሁለቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ። አንዱ ጥበቃ ተቀጠረ። ለብድር ሲባል የተሰባሰበ ቡድን ብድሩ ሲዘገይ ይፈርሳል፤ ይህን ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ነዋሪ መግባት ሲጀምር ነው ጫኝና አውራጅ የሆነው። የጫኝና አውራጆቹ ማኅበር ሰብሳቢና ሒሳብ ያዥ አለው። ደብተር አለው፤ ማን እንደዋለ፣ ማን እንደቀረ ይጻፋል። ማታ ብሩ በዋለው ሰው ልክ እኩል ይካፈላል። ከውጭ የሚያየው ሰው የማይገነዘበው ነገር ይሄ ነው። ለአንድ መኪና የሚጠራው ብር ትልቅ ነው። ሲካፈል ግን የአንድ ቀን ምሳና ትራንስፖርት የሚሆንበት ቀን ይበዛል። መኪና የማይመጣባቸው ቀናት ደግሞ አሉ። ልጆቹ ዋጋ የሚቆልሉት ነዋሪው ዕቃ የሚያስገባው አንዴ ስለሆነ ነው። ዛሬ ካልከፈለ ነገ አያገኙትም።

ይህን ስል ለጥፋቱ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። የገዛ ንብረቱን ራሱ ማውረድ የሚፈልግን ሰው መከልከል ጥፋት ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። ቅድመ ክፍያውን በዕቁብና በብድር የሞሉ፣ በጡረታ የሚኖሩ እናቶች ዕቃቸው ጭቃ ላይ ሲውል አይቻለሁ። ታላቁን ልጅ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። አልተቆጣም። «ልክ ነህ ጋሼ። ግን ሌላ ምን አለ? ንገረኝና እሱን ልሥራ» አለኝ። ያኔ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ባጃጅም ሞክሯል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ ባጃጅ ገዙ። በተራ ይነዱታል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ባጃጅ ታገደ። ኋላ በአንዳንድ አካባቢዎች ሲፈቀድ እነሱ ቆሞ የከረመውን ባጃጅ በርካሽ ሸጠው ነበር።

እህትና ታናሽ ወንድም

እህትየው በ2011 ዓ.ም. ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች። ፓርኩ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው፤ እሱም ለአካባቢው ወጣት ተስፋ ሆኖ ነው የመጣው። በግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአገሪቱ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ስለ ሐዋሳ ፓርክ ባወጣው ጥናት የጀማሪ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። እሷ የሐዋሳ ልጆች ያለባቸው የቤት ኪራይ የለባትም፤ ከእናቷ ቤት ነው የምትሄደው። እንዲያም ሆኖ አይበቃም።

ብዙዎቹ ጓደኞቿ ቶሎ ይለቁ ነበር። ይህ ስንፍና ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀዋል። ዓመቱ ሲሞላ 77 በመቶው ሄደዋል። ከሌሎቹ አመልካቾች ለተወሰኑት ደግሞ የንግድ ሥልጠናና ወደ 300 ዶላር ተሰጣቸው፤ በዓመቱ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከ5 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱንም ውጤት አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ገንዘብና ሥልጠና ሰውን ያስነሳል። ተነስቶ እንዲቆም ደግሞ ሥራው ቀጣይ ደንበኛ ያለው መሆን አለበት።

ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎአ ከተባለው የንግድ ዕድል አወጣች። ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረው ልብስ ትእዛዝ ቀነሰ። ልጅቷ የምትሠራበት መስመር ተዘጋ። እሷም ወጣች።

አሁን እንጀራ ትጋግራለች። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ መጋገሪያ ጊዜ የለውም። ከብሎኮቹ ሥር ለሚገኙ ሁለት ሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። አንዲት ልጅ ቀጥራለች። ጤፉን ከወፍጮ ቤት በኪሎ ትገዛለች። እናቷ ይህን ሲያዩ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላሉ። የሷ ችግር መብራት ነው። መስመሩ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ አይችልም። ስሪ ፌዝ የሚባለውን ጠንካራ የመብራት መስመር ለማስገባት አመልክታለች።

ከሦስቱ ልጆች የተሻለ የቆመችው እሷ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የእሷ ሥራ ነዋሪው በየቀኑ የሚፈልገው ነው። የወንድሟ ሥራ ነዋሪው በሕይወቱ አንዴ የሚፈልገው ነው።

ታናሹ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የማለፊያውን 50 በመቶ ያገኙት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እሱ ከቀሩት ውስጥ ነው። ቴክኒክና ሙያ ግባ ስለው አልፈለገም ነበር። «ደረጃ 2 ጨርሰው ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፉ ልጆች ከወንድሜ ጋር ሶፋ ይሸከማሉ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ልከራከረው አልቻልኩም፤ ልጆቹን እኔም አውቃቸዋለሁ።

ስምምነቱና ያልጠበቅነው ውጤት

የነዋሪዎች ኮሚቴው ከማኅበሩ ጋር ተቀምጦ ዋጋ የተነጋገረው ሰው ሁሉ ሲሰለች ነው። ስብሰባው ረጅም ነበር። አንድ አዛውንት «እናንተ ልጆች ሽፍታ ናችሁ» ብለው ጀመሩ። ከልጆቹ አንዱ ተነስቶ «አባባ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ቦታ ላይ አያቴ ሽምብራ ያጭዱ ነበር» አላቸው። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ንግግር ሆነ።

የተስማማነው ቀላል ነው። በፎቅና በዕቃው ብዛት የተለየ ዋጋ ተጻፈ፤ በየብሎኩ መግቢያ ተለጠፈ። ራሱ ማውረድ የፈለገ ያወርዳል። ማኅበሩን የጠራ ደረሰኝ ያገኛል፤ ዕቃ ከተሰበረ ማኅበሩ ይጠየቃል። ልጆቹ በበኩላቸው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ነዋሪው ከመርካቶ ሌላ ጫኝ ይዞ እንዳይመጣ። ወይ ራስህ፣ ወይ እነሱ። ይህን ኮሚቴው ተቀበለ። ጭቅጭቁ በጣም ቀነሰ። ሌሎች ሳይቶችም ተመሳሳይ ነገር ቢሞክሩ ጥሩ ነው።

ያልጠበቅነው ነገር ቀጥሎ መጣ። ብሎኮቹ ሞሉ። አሁን ዕቃ የሚመጣው ተከራይ ሲቀያየር ብቻ ነው። ሥራው በራሱ ጊዜ እያለቀ ነው። ይህ ገና ሲጀመር የታወቀ ነበር፤ ሳይት አንዴ ይሞላል። እነዚህ ልጆች ደግሞ አሁን ሚስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ሳይቱ ውስጥ የማያልቀው ሥራ የቱ ነው? ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ይህን በደንብ አውቃለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶና ፓምፕ የሌለው ብሎክ ይቸገራል። ሊፍት በሌለው ባለ 4 ፎቅ ላይ ጀሪካን የሚያወጣ ሰው ይፈለጋል። የፍሳሽ መስመር ይዘጋል። ቧንቧ ይፈነዳል። ቆጣሪ ይቃጠላል። ነዋሪው ጂብሰም ያሠራል፣ ቀለም ያስቀባል፣ መስኮት ላይ ፍርግርግ ብረት ያስበይዳል፣ ዲሽ ያሰቅላል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከመገናኛና ከመርካቶ በስልክ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። የትራንስፖርታቸውንም እኛው ነን የምንከፍለው።

ብሎካችን ላይ ጡረታ የወጡ አንድ የቧንቧ ባለሙያ አሉ። ከማኅበሩ ሁለት ልጆች እሳቸው ጋር መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ መሣሪያ ያቀብሉ ነበር። አሁን ራሳቸው ይጠራሉ። ታናሹ ወንድምም ይህን አይቶ ከእነሱ ጋር ገብቷል። ቴክኒክና ሙያ ያልሳበው ልጅ እዚህ የገባው ስልኩ ሲጠራ ስላየ ነው። ሥልጠናና ጥሪ አንድ ቦታ ሲገናኙ ወጣቱ ራሱ ይመጣል።

ከምድር ቤቶቹ ስለ አንዱ

በብሎኮቹ ምድር ቤት የንግድ ቤቶች አሉ። እነዚህ በጨረታ የሚሸጡ ናቸው። አሸናፊው ብዙ ብር ያቀረበ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሌላ ሰፈር የመጣ ነጋዴ ነው። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለተነሺ አርሶ አደሮችና ለልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ለመስጠት ወስኖ ነበር፤ ለዓመታት ቆጥበው ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ብዙ ክርክር አስነሳ። ክርክሩን እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን እላለሁ። ቤት ያገኘ ልጅ ቤቱን ያከራያል፤ ኪራዩ ምሳ ይሆነዋል፤ ጠዋት ግን የሚሄድበት ቦታ አሁንም የለውም። ከመኖሪያው ይልቅ ከምድር ቤቶቹ ጥቂቱ ለተነሺ ልጆች ማኅበራት ቢመደብ ብዙ ይለወጥ ነበር። ጥገና የሚሠራ ማኅበር ዕቃ ማስቀመጫና ሰው የሚያገኘው በር ይፈልጋል። እንጀራ የምትጋግር ልጅ ስሪ ፌዝ ያለው ክፍል ትፈልጋለች።

ወደፊት በሚነሱ መንደሮች ላይ ደግሞ ሥራው ከቀያሹ ቀን መጀመር አለበት። ባለይዞታው ሲመዘገብ ልጆቹም ከነዕድሜያቸው ይመዝገቡ። ሕጉ የሚሰጠው የ1 ዓመት ምክክር ለስብሰባ ብቻ አይዋል። ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ሳይቱ የሚፈልገውን ሙያ፣ ማለትም ግንበኝነት፣ ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ ይልመዱ። ኮንትራክተሩ ከእነሱ የተወሰነ ሰው በለማጅነት እንዲይዝ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ለሚያስተምረው ግንበኛም በካሬው ላይ ይታሰብለት። ታላቁ ልጅ «እኔን ሲያስተምር ይጎዳል» ያለው ነገር በጣም ትንሽ ገንዘብ የሚፈታው ችግር ነበር።

በእኛ ሳይት ያለው ሁኔታ ዛሬ እንዲህ ነው። ማኅበሩ ስሙን ወደ ጥገናና ጉልበት አገልግሎት ለመቀየር ማመልከቻ አስገብቷል። እስካሁን ገዢ ካላገኙት የምድር ቤቶች አንዱን በኪራይ እንዲሰጠውም ጠይቋል። ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ መልስ አልመጣም። ኮሚቴው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፏል። የብሎኮቹን የፍሳሽና የሮቶ ጥገና ለ1 ዓመት በውል ለማኅበሩ እንስጥ የሚለው ሐሳብ ለሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ይቀርባል። አንዳንድ ነዋሪዎች አሁንም ልጆቹን ስለማያምኑ ይቃወማሉ። እኔ ከሚደግፉት ወገን ሆኜ እናገራለሁ።